ግራና፦ ካርዱን ማን በላው?

ከደሴ ተነስቶ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን ካለፈ በኋላ መርሳ ይገባል። መርሳ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ወልድያ ለመድረስ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። አውቶቡሱ ሲቆም ማንጎና ፓፓያ የያዙ ልጆች መስኮቱን ይከቡታል፤ አብዛኛው መንገደኛም ሐብሩን የሚያውቃት በዚሁ ፍሬዋ ነው። ከመርሳ ትንሽ አለፍ ሲሉ ደግሞ በማሽላ ምርምር ስሙ የሚነሳው የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት ሲሪንቃ አለች። ግራና ግን ከዋናው አስፋልት ገባ ያለች ከተማ ናት። ስሟን የሰማ ሰው የሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከቆቦ ጋር ተጣምሮ ነው፤ «ቆቦ ግራና ሸለቆ» ይባላል፣ በከርሰ ምድር ውኃ መስኖ እንዲለማ የታሰበው ሰፊ ሜዳ።

እኔ ግራናን ያወቅኳት በወባ ነው። የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ የጀመርኩት በዚሁ ወረዳ ነበርና፣ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲያቁር፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ወደ ቆላው ቀበሌዎች በበቅሎም በእግርም እንወርድ ነበር። ያኔ ሰው በሌሊት ቢታመም ወሬው ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በሰው እግር፣ በሽተኛውም የሚመጣው በሰው ትከሻ ነበር። በኋላ ትዳሬም ከዚሁ አገር ሆነና ግራና የዘመድ አገሬ ሆነች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቁጥር ብቅ እላለሁ።

ግራና በጥር ደስ ትላለች። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየጓሮው ተከምሯል። መስኖ የደረሰው መሬት ግን ገና አረንጓዴ ነው፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። ንጋት ላይ የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተከታትለው ይሰማሉ፤ ሰርግም የሚበዛው በዚሁ ወር ነው። በዋናው መንገድ ዳርና ዳር ከሻይ ቤቱ ቁጥር የማይተናነስ የሞባይል ቤት ተደርድሯል። ካርድ ይሸጣሉ፣ የተሰበረ መስታወት ይቀይራሉ፣ ዘፈንና መንዙማ ይጭናሉ፣ መብራት ለሌለው ገጠር ባትሪ ቻርጅ ያደርጋሉ።

ድሮ ግራና ሄጄ አንድ ቤት ቁጭ ስል ሰዉ «ሲስተር፣ እስቲ ደም ግፊቴን» እያለ ክንዱን ይዘረጋልኝ ነበር። ባለፈው ጥር ግን ብዙዎቹ የዘረጉልኝ ስልካቸውን ነው። «ሲስተር፣ የተማርሽ ነሽና እዪልኝ፤ ትናንት የሞላሁት ካርድ ዛሬ የለም። ለማንም አልደወልኩም።» ይህን ቃል በአራት ቀን ውስጥ ከስንት ሰው እንደሰማሁ አልቆጠርኩም።

ከሁሉ ከብዶ ያገኘሁት ያረፍኩበት ቤት ነው። የባለቤቴን ታላቅ እህት እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የልጅ ልጅ አይቼም «ሙሽራዬ» ማለታቸውን አልተዉም። ሰባውን ያለፉ ናቸው። ሴት ልጃቸው ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች፤ ስትሄድ የአራት ዓመት ልጇን ለእናቷ ትታለት ነው የሄደችው። ልጁ ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እናቱን የሚያውቃት ልጅቱ በላከችው ስልክ፣ በኢሞ፣ ማታ ማታ ፊቷን እያየ ነው። ከሐብሩም ሆነ ከመላው ሰሜን ወሎ ወደ ዓረብ አገር የሄደው ልጅ ብዙ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቤት በግራና ብርቅ አይደለም።

ቡናው ቀርቦ ሳለ የእትዬ ወንድ ልጅ ገባ። ሽንኩርት አምራች ነው፤ የቤቱን ካርድ የሚሞላውም እሱ ነው። እናቱን እያየ ለእኔ ነገረኝ። «ሲስተር፣ ይቺን ስልክ ልሸጣት ነው። በሳምንት ሁለቴ ካርድ እሞላለሁ፣ ሁለቴም ይጠፋል። ላም ብትሆን እንኳ ወተት ትሰጠኝ ነበር።»

እትዬ አልተቆጡም። ስኒውን እያጠቡ ብቻ «ልጄን የማያት በእሷ ነው፤ እሷን ከሸጥክ ምን ይቀረኛል?» አሉ። ልጁም አቀርቅሮ ዝም አለ።

ይህ ነገር የካርድ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ነው። በየቤቱ ግን የሚያበቃው በዚሁ መልክ ነው። ስልኩ ይወሰዳል፣ ወይም አያትየዋ «ካርድ ይበላብኛል» ብለው ራሳቸው ያጠፉታል፣ ወይም ልጁ ይገረፋል። ካርዱን የበላው ግን ሳይታወቅ ይቀራል።

ነርስ በሽተኛ ሲመጣላት መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ታሪክ ትወስዳለች። መቼ ጀመረ? በቀን ስንት ጊዜ? ከምን በኋላ ይብሳል? ለስልኩም የሚያስፈልገው ይኸው ነው አልኩና በማግሥቱ እትዬን፣ ወንድ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ይዤ አንድ ሞባይል ቤት ሄድን። ባለቤቱ ልጅ እግር ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የሽማግሌ ነው። ስልኩን ተቀብሎ ዳታ የሚመዘገብበትን ገጽ ከፈተልን። እዚያ ላይ እያንዳንዱ አገልግሎት በወሩ ውስጥ ምን ያህል እንደወሰደ ተዘርዝሯል። ለካ ስልኩ ራሱ የበላውን ይመዘግባል፤ ጠያቂ ነው ያጣው።

መጀመሪያ ያስረዳን ጥቅል ማለት ምን እንደሆነ ነው። እንዲህ ብሎ ለእትዬ ነገራቸው፦ «እማማ፣ ጥቅል መግዛት ማለት እህል በጅምላ መግዛት ነው። ያለ ጥቅል ኢንተርኔት መጠቀም ደግሞ በጣሳ ከችርቻሮ ነጋዴ መግዛት ነው። ጥቅሉ ሲያልቅ ስልኩ ቁጭ አይልም፤ ዳታው ካልተዘጋ ከዋናው ሒሳብ እየቀነሰ በችርቻሮ ዋጋ ይቀጥላል።» እትዬ ወዲያው ገባቸው። ጅምላና ችርቻሮ የማይገባው የግራና ሰው የለም።

የቤቱም በሽታ ግማሹ ይኸው ነበር። ወንድ ልጃቸው መቶ ብር ካርድ ሞልቶ ከዚያ ላይ ትንሽ የዕለት ጥቅል ይገዛላቸዋል። ጥቅሉ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ወይም ሳይነካ ሃያ አራት ሰዓቱ ያልፍበትና ይቃጠላል። ዳታው ግን ሌት ተቀን እንደተከፈተ ነው። የቀረው ካርድ ማንም ሳይነካው በሌሊት ያልቃል።

ሁለተኛው በዝርዝሩ ላይ ከላይ የተቀመጠው ቪዲዮ ነው። ልጁ ማታ አያቱ ሲተኙ ቲክቶክ ይከፍታል። እዚያ ቤት አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ሳይጠሩት ይመጣል። በዳታ ሚዛን ሲታይ ጽሑፍ ላባ ነው፣ ድምፅ ጤፍ ነው፣ ቪዲዮ ግን ድንጋይ ነው። አንድ ጊጋባይት አንድ ሺህ ያህል ሜጋባይት ነው። በድምፅ ብቻ የሚደረግ የኢንተርኔት ጥሪ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ላይሞላ ይችላል፤ ፊት ለፊት እየተያዩ ሲያወሩ የዚያ ብዙ እጥፍ ይሄዳል፤ ጥራት ያለው ቪዲዮ ለአንድ ሰዓት ሲታይ ደግሞ ጊጋባይቱን ከነጭራሹ ሊጨርሰው ይችላል። ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። አጎቱ ሊናገረው ሲል እትዬ እጃቸውን አንስተው «ተወው፣ ማን ነግሮት ያውቃል?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ሦስተኛው ማንም ያልከፈተው ነው። ቴሌግራሙና ዋትስአፑ የሰርግ፣ የለቅሶና የስብከት ቪዲዮ በመጣ ቁጥር ሳይጠየቁ ያወርዳሉ። ስልኩ ራሱም በውስጡ ያሉትን መተግበሪያዎች ሌሊት ሌሊት ያድሳል። እትዬ በአንድ ማኅበር ቡድን ውስጥ የልጅ ልጃቸው አስገብቷቸዋል፤ እዚያ የሚለቀቀውን አንዱንም አላዩትም፤ ስልካቸው ግን ሁሉንም አውርዶታል።

አራተኛው ትንሽ ናት፣ ግን በየቀኑ ትመጣለች። ከአንድ አጭር ቁጥር በየማለዳው ምክር ቢጤ መልእክት ይገባል፤ በገባ ቁጥርም ከሒሳብ ላይ ትንሽ ይቆረጣል። ማን እንደተመዘገበበት አይታወቅም፤ አንድ ቀን ስልኩ ላይ ብቅ ያለ ጥያቄን አንዱ «እሺ» ብሎት ይሆናል። የሞባይል ቤቱ ልጅ ለዚያው ቁጥር በእንግሊዝኛ ፊደል «ስቶፕ» ብሎ መልሶ ላከ፤ መሰረዙን የሚገልጽ መልስም መጣ። በግራና ብዙ ሽማግሌ እንዲህ ያለውን መልእክት ከመንግሥት የመጣ ስለሚመስለው በአክብሮት ያስቀምጠዋል።

አምስተኛው የእትዬ አልነበረም፤ እዚያው ተራ ስትጠብቅ የነበረች ጎረቤታቸው ነገረችን። ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ የተዘጋ የውጭ ቁጥር አየች። ልጇ ኩዌት ናት። ልቧ እንዴት ይቻላት? መልሳ ደወለች። ያልገባት ቋንቋ የሚያወራ ድምፅ ሰማች፤ ያላትም ካርድ በዚያው አለቀ። ይህ በዓለም ሁሉ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ጃፓኖች «ዋንጊሪ» ይሉታል፤ አንዴ ደውሎ መዝጋት ማለት ነው። ወጥመዱ የሚሠራው መልሶ ሲደወል ነው፤ ጥሪው ውድ ወደሆነ መስመር ይሄድና ገንዘቡን አጭበርባሪው ይካፈላል። ልጁን ለባዕድ አገር የሰጠ ወላጅ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚያዝበት ወጥመድ ነው።

ስለዚህ ልጆቻችሁ ያሉበትን አገር መለያ ቁጥር እወቁት። ሳዑዲ ዓረቢያ 966፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 971፣ ኩዌት 965፣ ኳታር 974፣ ባሕሬን 973፣ ኦማን 968፣ ሊባኖስ 961፣ ዮርዳኖስ 962 ነው። ከዚህ ውጭ በሆነና በማታውቁት ቁጥር አንዴ ተጠርቶ ከተዘጋ አትመልሱ። መለያው ልጃችሁ ያለችበት አገር ቢሆንም ቁጥሩ እንግዳ ከሆነ መጀመሪያ በምታውቁት ቁጥሯ አጣሩ። የእውነት የፈለጋችሁ ሰው ደግሞ ይደውላል።

በሌላው ዓለም ይህ ችግር ሌላ መልክ አለው። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰው ተጠቅሞ በወሩ መጨረሻ ነው የሚከፍለው፤ ከአገር ውጭ ደርሶ ሲመለስ የሚጠብቀው ወረቀት ሰውን ያስደነግጥ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ዓ.ም. ላይ፣ ተጠቃሚው ሌላ ካልመረጠ በቀር ከአገሩ ውጭ የሚጠቀመው ዳታ 50 ዩሮ ሲደርስ እንዲቆም አዘዘ፤ ከሰኔ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአባል አገሮቹ መካከል የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ አስቀረ። የእኛ ሰው በአመዛኙ ቀድሞ ካርድ ሞልቶ ስለሚጠቀም የሚያስደነግጥ ወረቀት አይደርሰውም። ይህ እንደ ጥቅም ይታያል፤ ግን የራሱ ክፋት አለው። ከቁስል የሚፈስ ደም ይታያል፣ ሰውም ይጮኻል። ውስጥ ለውስጥ የሚፈሰው ግን የሚታወቀው ሰውየው ሲወድቅ ነው። የግራና ካርድ የሚፈሰው ውስጥ ለውስጥ ነው።

ዋጋውም እንደ ዘመኑ ወጥቶ ወርዷል። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። ሞባይል የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ወደ ሌላ ከተማ መደወል ማለት ቴሌ ቤት ሄዶ ወረፋ ይዞ ኦፕሬተሯ ስም እስክትጠራ መጠበቅ ነበር፤ የሚወራውም በደቂቃ ተቆጥሮ ስለሆነ ሰው የሚለውን በልቡ አጥንቶ ነበር የሚገባው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ድምፅ ዋጋን 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ ቀነሰ። ያኔ ነው ኢንተርኔት ወደ ገጠሩ በደንብ የዘለቀው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሳዑዲ ዓረቢያ በኢንተርኔት መደወልን መፍቀዷ ለእንደ እትዬ ዓይነት ቤት በረከት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሁለተኛ ድርጅት ሆኖ አገልግሎት ጀመረ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም በብዙ አገልግሎቶቹ ላይ የዋጋ ጭማሪ አደረገ። ስለዚህ ትናንት ተንጠባጥቦ የማይታወቅ የነበረው ዛሬ በኪስ ላይ ይታወቃል።

የግራና ሰው የስልክን ዋጋ የሚያውቀው በብር ብቻ ግን አይደለም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና አካባቢዋን ሲውጥ መስመሩ ሁሉ ጸጥ አለ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ሪያድ ያለው ልጅ እናቱ በሕይወት መኖሯን የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እትዬ ያንን ጊዜ ሲያነሱ፣ «ልጄ በቀጥታ መስመር ትደውላለች፤ ከሪያድ ውድ ነው መሰለኝ ‹እማ ደህና ነሽ? ልጄ ደህና ነው?› ብላ ትዘጋለች። ልጁ ‹ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ› እያለ ያለቅሳል» አሉኝ። ኢንተርኔቱ የተመለሰ ቀን ልጁ እናቱን አይቶ አፍሮ ተደበቀ፤ ከብዷት፣ ከስታ ነበርና መጀመሪያ አልለያትም። ይህን የሰማ ሰው ስልኩን እንሽጠው የሚለውን ነገር ደግሞ ለማንሳት አፍ አይኖረውም። ወንድ ልጃቸውም ከዚያ በኋላ አላነሳም።

ለእኔ ግን ከዚህም የሚብስ አንድ ነገር አለ። ይህን የምናገረው በሙያዬ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረና በየወረዳው አምቡላንስ ከተሰማራ ወዲህ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ መምጣቷ ቀንሷል። ይህ ሁሉ ግን የሚንቀሳቀሰው በስልክ ነው። ቀይ መስቀል 907 የሚባል አጭር ቁጥር አለው፤ በገጠር ግን ሰው የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የአምቡላንሱን ሹፌር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ተራ የሞባይል ቁጥር ነው። ተራ ቁጥር ደግሞ ሒሳብ ይፈልጋል። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት የምትጠብቀው ጊዜ የለም። በሌሊት ስምንት ሰዓት ካርድ የሚሸጥ ሱቅ ክፍት አይደለም። ማታ ሳይታይ ያለቀው አሥር ብር እንዲህ ባለ ሌሊት የሚጠራው ስሙ ሌላ ነው።

እና ምን አደረግን? ከሞባይል ቤቱ ስንወጣ የተስማማነው ይህ ነው፤ ለእናንተም ቤት ይሆን እንደሆነ እጽፈዋለሁ።

ዳታ ሁልጊዜ ይዘጋል፤ የሚከፈተው ሲፈለግ ብቻ ነው። ልጅቱ ከሪያድ የምትደውልበት ሰዓት ከማታው ሁለት ሰዓት በኋላ ስለሆነ ያኔ ይከፈታል፣ ወሬው ሲያልቅ ይዘጋል። እንደ ምድጃ እሳት ማለት ነው፤ ቡና ከተፈላ በኋላ ማንም ማገዶ አይጨምርም።

ጥቅሉ ከዕለት ወደ ወር ተቀየረ። ለሚጠቀሙበት ልክ የሚሆን የወር ጥቅል በዕለት ከሚገዛው ይሻላል፤ በአንድ ቀንም አይቃጠልም። ጥቅሉ የሚያልቅበት ቀን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ተከበበ።

በቴሌግራምና በዋትስአፕ ቪዲዮ ሳይጠየቅ እንዳይወርድ ተዘጋ። የመተግበሪያዎቹ ማደሻም በዋይፋይ ብቻ ሆነ፤ ግራና ላይ ደግሞ ዋይፋይ እንደልብ ስለማይገኝ ቆመ ማለት ነው። ስልኩ የተወሰነ መጠን ሲደርስ ዳታውን ራሱ የሚቆርጥበት ገደብ ተበጀለት፤ ይህ ገደብ በአብዛኛው ስማርት ስልክ ውስጥ አለ፣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ከልጅቱ ጋር መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከዚያ ምስሉ ይዘጋና በድምፅ እንደልብ ይወራል። ልጁ ግን የእሱ ተራ ሲደርስ ምስሉ እንዲከፈት አጥብቆ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ቲክቶክም አልተከለከለም፤ ዓርብ ማታ ግማሽ ሰዓት ተሰጠው። የሚቆጥረው ራሱ ነው። የቤቱ የዳታ ጸሐፊም እሱ ሆኗል፤ ሹመቱን የወደደው ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ ግን ሌላ ትንሽ ስልክ ተገዛ፤ ኢንተርኔት የሌላት፣ በቁልፍ የምትሠራ፣ ባትሪዋ ሳምንት የምትቆይ። በእሷ ውስጥ ያለው ሒሳብ አይነካም። ለሌሊት ነው።

ውጭ አገርም ሆነ አዲስ አበባ ላላችሁ ልጆች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ለእናታችሁ ካርድ ከምትልኩ ጥቅሉን ራሱን ስጧቸው፤ ለሌላ ሰው ጥቅል መግዛት ይቻላል። በጥሬው የተላከ ካርድ ዳታው በተከፈተ ስልክ ውስጥ በቀዳዳ ማሰሮ የተጨመረ ውኃ ነው። ስትሄዱም አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ ስልካቸውን እዩላቸው። አዲስ ስልክ ገዝቶ ማስረከብ ብቻውን ስጦታ አይደለም፤ ማስረዳትም ይጨመርበታል።

ያልተመዘገባችሁበት አገልግሎት ከሒሳባችሁ ሲቆርጥ ብታገኙ ዝም አትበሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ጽፋችሁ መጀመሪያ ለአገልግሎት ሰጪው አመልክቱ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚባል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ፤ ድርጅቱ መልስ ካልሰጠ አቤቱታ ወደዚያ ይሄዳል። ብሩ ትንሽ ነው ብሎ መተው እንዳለ አውቃለሁ። ትንሽ ብር ግን ከብዙ ሺህ ሰው ሲሰበሰብ ትንሽ አይደለም።

ለአያቶችም እላለሁ፤ ስልኩን አትፍሩት። ማንበብ ባትችሉ እንኳ ቁጥር ታውቃላችሁ፤ በገበያ ማንም አያታልላችሁም። በኢትዮ ቴሌኮም መስመር ኮከብ 804 መሰላል ብትደውሉ ቀሪ ሒሳባችሁ ይመጣል። ካርድ ካለቀባችሁም ኮከብ 807 ኮከብ ብላችሁ የሰውየውን ቁጥር አስገብታችሁ በመሰላል ብትጨርሱት «ይደውሉልኝ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል።

እትዬ ይህንን ከተማሩ ወዲህ ማታ ማታ ዶሮዎቻቸውን ቆጥረው ካስገቡ በኋላ ያቺን ትንሽ ስልክ አውጥተው 804 ይደውላሉ። የልጅ ልጃቸው የመጣውን ቁጥር ያነብላቸዋል። ከበሩ ጀርባ በቾክ ሦስት ነገር ተጽፏል፤ የአምቡላንሱ ሹፌር ቁጥር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቁጥር፣ ከሥሩም በልጁ እጅ ጽሑፍ፦ «20 ብር። አይነካም።»